ቁጢጥ የሚል ጉልበት

መስከረም 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለቆቄ፤

ይህ ወረቀት አንቺን በጤና፣ ቤትሽንም በሰላም ያግኝልኝ። ባለሽበት ክፉ አይይሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ፊት ብዙ ስቆም ወገቤ ይከራከረኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ፤ እስካሁን የተረታው እሱ ነው።

ግንበኛው ሰላም በይልኝ ብሏል። ባለፈው ሳምንት የሠራሁለትን የብረት እግር አምጥቶ የጉልበቱን ሞላ ቀየርኩለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ እግር መሰላል ሲወጣ፣ ጭቃ ሲያቦካ፣ ቁጢጥ ብሎ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ የተበላው ሞላው ብቻ ነው። ፖስተኛውም ደህና ነው። ይህን ወረቀት የሚወስድልኝ እሱ ስለሆነ ስለሱ ክፉ አልጽፍም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሰኞ ዕለት ከረባት ያሰረ ሰው ሱቄ ገብቶ፣ «የሥራው ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። እስከ ክርኔ ግራሶ ነበርኩና «ምን ትመስላለች ብለህ ነበር?» አልኩት። ሦስት ገጽ ሰጥቶ፣ አስፈርሞኝ ሄደ። እኔ የምሠራው ጉልበት የሌላ ሰው ንብረት ነው ይላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ መሥራት እንዳቆም፣ በሱቁ ያለውን ሁሉ፣ የመሥሪያ ልኮቹን ጭምር፣ እንዳስረክብ ያዛል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። መነጽሩን ሁለቴ ጠርጎ አነበበና፣ «እትዬ ጉልበት፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። ፓተንት የሚሉት ነው። አንድ ድርጅት ይህን ጉልበት የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህም ውጭም አስመዝግቧል» አለኝ።

የድርጅቱን ስም አየሁት። አንቺ የምትሠሪበት ነው። ትልቅ ነው፣ የማላውቀው ክፍል ብዙ ነው ብለሽኝ ነበርና አንቺን አልጠይቅም፤ ግን ጠይቂልኝ። እዚህ ሳይመጣ የእኔን ጉልበት የፈጠረው ማን ነው?

የብረት መብሻ ትራፓኖ ጫፍ ላኪልኝ ያልኩሽ ይቆይ። አሁን የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

አክስትሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን፣ ዕድሜዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጊዜው ነው። መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የጠየቁኝን አጣርቻለሁ። ነገሩን በሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች ናቸው የያዙት። ሕጉን በአጭሩ ልንገርዎት። መጽሐፍ ወይም ሥዕል የሠራ ሰው የቅጂ መብት አለው፤ ባያስመዘግብም የሱ ነው። ዕቃ የፈጠረ ሰው ግን ካላስመዘገበ ፓተንት የለውም። ሌላው የንግድ ምስጢር የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ ቆልፎ ለማንም ሳያሳይ እስከጠበቀው ድረስ የሱ ሆኖ ይቆያል።

እርስዎ አላስመዘገቡም። ስለዚህ ብንከራከር አናሸንፍም። ግን ደግ ሰዎች ናቸው፤ ለመስማማት ፈቃደኞች ናቸው። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ልኬያለሁ። ጉልበቱ ሱቅዎ ውስጥ በምስጢር ተጠብቆ የኖረ መሆኑን፣ ለማንም እንዳላሳዩና እንዳላስተማሩ የሚገልጽ ነው። ይህን ከፈረሙ ምስጢሩን ከእርስዎ እንደተረከቡ ይቆጠርና፣ እርስዎ በሕይወት እስካሉ መሥራት ይፈቀድልዎታል። አዲስ ቶርኖም ይልካሉ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሲዞር ድምፅ የለውም።

አክስቴ፣ ቶሎ ቢፈርሙት ጥሩ ነው። እስከዚያው ለአዲስ ሰው ባያሳዩት ይመረጣል። ስለ ወገብዎ አስባለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 16 ቀን

ለቆቄ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ጤና ይስጥልኝ። ወገቤ ስላሰብሽለት ያመሰግንሻል።

ወረቀትሽን ፈርሜ አልላክኩም። ቶርኖው ድምፅ የለውም ያልሽው ለእኔ አይሆንም፤ እኔ ብረቱ የታመመ መሆኑን የማውቀው በድምፁ ነው።

ለማንም አላሳየሁም ብዬ ልፈርም? አንቺ እዚህ ያደግሽ ልጅ አይደለሽም ወይ? ግንበኛው ግድግዳ ተንዶበት እግሩ ከጉልበቱ በላይ ሲቆረጥ፣ ከሆስፒታል የሰጡት እግር የማይታጠፍ እንጨት ነበር። «እትዬ፣ ቆሜ መሞት እችላለሁ፤ ቁጢጥ ማለት ግን አልችልም፤ ቁጢጥ የማይል ግንበኛ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ከብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞረውን ጥርስ ነቅዬ፣ ክብደት ሲያርፍበት የሚቆልፍ፣ ክብደቱ ሲነሳለት እስከ መጨረሻው የሚታጠፍ ጉልበት እስክሠራለት ስምንት ወር ፈጀብኝ። ስምንቱንም ወር መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ግንበኛው በወደቀ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ከማዶ «ሞላው ላልቷል!» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርባ ሦስት ሰው በዚህ ጉልበት ይሄዳል። ሊማር የመጣውን አንድም ሰው አልመለስኩም። የእኔ ሱቅ መወርወሪያ እንኳ የለውም፤ በሩን የምዘጋው በድንጋይ ነው። ድንጋዩን አንቺ ራስሽ ትገፊው ነበር።

ማመልከቻ ጸሐፊው ወረቀትሽን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ አንድ ነገር ዘላለች» አለኝ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ ቀድሞ በአደባባይ ሲሠራበት የኖረ ነገር አይመዘገብም፣ ተመዝግቦም ከሆነ ይሰረዛል አለኝ። ቆልፌ ነው የኖርኩት ብዬ ብፈርም ግን አደባባዩን በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ። እሱን ነው የሚፈልጉት። ለምን እንደዘለልሽው አላውቅም፤ ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።

ሌላም አለ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ወስዶኝ ፋይሉን አስወጣልኝ። ሥዕሎቹን አየሁ። በጣም ያምራሉ። አራተኛው ሥዕል ላይ ጎንና ጎኑን የሚይዘው ላሜራ አለ፤ ላሜራው ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለች። «ቁጥር አሥራ አራት፣ ክብደት ለመቀነስ» ብለው ጽፈውባታል።

ያቺ ቀዳዳ ክብደት አትቀንስም። ያቺ ቀዳዳ ምንም አታደርግም። አንቺ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤትሽን ይዘሽ «አለፍኩ» ብለሽ ከበር ስትጮሂ እጄ ስቶ ነው ያለ ቦታዋ የበሳኋት። ሌላ ላሜራ ስላልነበረኝ ልኩ እሱ ሆነና ቀዳዳዋ በሁሉም ላይ ቀረች። የሰው ዓይን አይቷት ይሆናል፤ ከየት እንደመጣች የምናውቀው ግን እኔና አንቺ ነን።

ቆቄ፣ ያን ሥዕል ማን ሣለው?

አክስትሽ


ጥር 21 ቀን

ለአክስቴ፤

ሰላምታዬን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እኔ ነኝ የሣልኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ሌላ መልስ ስፈልግ ነበር። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩ። እውነቱን ከሥሩ ልንገርዎት፣ ከዚያ የሚፈርዱትን ይፍረዱ።

እዚህ ስመጣ የሰጡኝ ሥራ የሌላውን ሰው መስመር ማስተካከል ነበር። ሦስት ዓመት «ይቺን አጥብቢ፣ ያቺን አስፊ» ከማለት በቀር አንድ ሰው ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራ። ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው የሚያደርገው ጉልበት እንሥራ ብለው ስምንት ወር ደክመው አልሆነላቸውም ነበር። አንደኛው መሐንዲስ፣ «ችግሩ ከጉልበቱ አይደለም። ሰዎቹ ወንበር ይልመዱ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። በንዴት ነው የሣልኩት።

የክፍሉ ኃላፊ፣ «ይህን የት አየሽው?» አለኝ።

አክስቴ፣ አፌ ላይ ነበሩ። «አክስቴ» ልል ነበር። ሁሉም ያዩኝ ነበር፤ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩኝ ነበር። «ራሴ አሰብኩት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በእግሩ ሄደ። ተቀጣሪ በሥራው ላይ የፈጠረው ሁሉ የድርጅቱ ነው የሚል ውል ፈርሜያለሁ። ማመልከቻው ላይ ፈጣሪ ተብሎ የተጻፈው የእኔና የኃላፊው ስም ነው። ሰርተፊኬት ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ቀዳዳዋን ስሥል ልብ እንኳ አላልኩም፤ ያንን ላሜራ እጄ ከነቀዳዳው ነው የሚያውቀው።

በጥቅምት የላክኩትን ወረቀት ያረቀቁት የድርጅቱ ጠበቆች ናቸው። ስጠያይቅ አክስቴ መሆንዎን ሰሙ፤ አንቺ ብትልኪላት ትፈርማለች አሉኝ። ምን ለማድረግ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የላክኩት።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤው ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ። ሰዎች ለቅሶ ያለ መስሏቸው መጡ።

የተናደድኩበትን በደንብ ለይተሽ እወቂ። ጉልበቱን ሣልሽው ብዬ አይደለም። ላየው ሁሉ ይሁን ብዬ ነው በሬን ከፍቼ የኖርኩት፤ አንቺማ ከማንም በላይ ያየሽው ነሽ። «ራሴ አሰብኩት» ማለትሽም ያማል፤ ግን ሰው በተናቀበት ቤት ሆኖ ያለው ነውና ይገባኛል። ያልገባኝ «ቆልፌ ነው የኖርኩት ብለሽ ፈርሚ» ያልሽኝ ነው። አርባ ሦስት ሰው በጠራራ ፀሐይ የሚሄድበትን ነገር ማንም አላየውም በዪ ማለት፣ እነዚያ ሰዎች የሉም በዪ ማለት ነው። ግንበኛው የለም በዪ። ልብስ ሰፊዋ የለችም በዪ። ይህን ለእኔ ነው የላክሽው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ አጥር አልነበረኝም፤ እነሱ አጥር ሠርተው እኔን ከውጭ ሊያስቀሩኝ ነው። አልቀርም። ሠላሳው ቀን ካለፈ አራት ወር ሆነው፤ በነዚህ አራት ወሮች ስድስት ጉልበት ሠርቻለሁ። ከረባት ያሰረው ሰው ዳግመኛ መጥቶ ነበር። «ዛሬ የምሠራው ለአንዲት አስተማሪ ነው፤ ቆመህ ካየኸው ትማርበታለህ» አልኩት። ቆሞ አየ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ፓተንቱ ይሰረዝልኝ ብዬ አመልክቻለሁ። የሚሰማው ሚያዝያ 9 ቀን ነው። ከአንቺ ምንም ጠይቄ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ብሎን ጠይቄሻለሁ፣ የትራፓኖ ጫፍ ጠይቄሻለሁ። አሁን የምጠይቅሽ ቃልሽን ነው። ያወቅሽውን መቼና የት እንዳወቅሽው ጽፈሽ፣ ምለሽበት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ላኪ።

አክስትሽ


መጋቢት 14 ቀን

ለአክስቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። አንድ ሰው እዚህ አማከርኩ። ቃሌን ብሰጥ በዚያው ቀን ከሥራ እሰናበታለሁ። የድርጅቱን ምስጢር አወጣሽ ብለውም ሊከሱኝ ይችላሉ፤ የፈረምኩት ውል ይፈቅድላቸዋል። የምኖርበት ፈቃድ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው።

የራሴን ውሸት «የድርጅቱ ምስጢር» ብለው ሊጠብቁልኝ ነው። ሳስበው ያስቀኛል፣ ከዚያ አያስቀኝም።

ሰዎቹ ቀርበው ቢመሰክሩ አይበቃም ወይ? የእያንዳንዱ ጉልበት ብረት ላይ የተሠራበትን ቀን መትተውበታል። እሱ ካልበቃ ብቻ እኔን ይጥሩኝ። ፈሪ እንደሆንኩ አውቃለሁ። እባክዎ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 11 ቀን

ለቆቄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልስ ያልጻፍኩልሽ «ይበቃል» ብዬ ልዋሽሽ ስላልፈለግኩ፣ «አይበቃም» ብዬም ልለምንሽ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ።

መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ሃያ ሰባት ሰው በእኔ ጉልበት ደረጃውን ወጣ፤ እኔ በራሴ ጉልበት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዐረፍ ብዬ ነው የደረስኩት። ከረባት ያሰረው የድርጅቱ ወኪል ከሁላችን በኋላ እያለከለከ መጣ። ፖስተኛውም ከሃያ ሰባቱ አንዱ ነውና፣ «ጌታዬ፣ አንድ እግር ላበድርዎት?» አለው።

መርማሪዋ ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿ ዝቅተኛ ነው፤ ስትሰማ ራሷን አትነቀንቅም። ልብስ ሰፊዋ ያው ታውቂያታለሽ፣ የኋላ ኋላ እሷም በስኳር እግሯን አጥታ ጉልበቱን የሠራሁላት፣ እግሯን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ቀኑን አሳየች። ከሰባት ዓመት በፊት የተመታ ቀን ነው። ወኪሉ፣ «ቁጥሩ ትናንት ሊመታ ይችላል። ሰዎቹም የሴትዮዋ ደንበኞች ናቸው፤ ይወግኑላታል» አለ።

ግንበኛው ተነሣ። «እኔ የአሮጌውን ገበያ አጥር በዚህ እግር ነው የገነባሁት። አጥሩ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል» አለ።

«አጥሩን አንተ ለመገንባትህ፣ በዚያን ጊዜም ይህን ጉልበት ለማድረግህ ምን ማስረጃ አለ?» አለው ወኪሉ።

ግንበኛው እኔን አየኝ። አጥር አይናገርም።

መርማሪዋ፣ «እስቲ አሠራሩን ልየው። ቁጢጥ ማለት የምትችሉ እባካችሁ በሉ» አለች። ለአንድ ሁለት ሰው መናገሯ ነበር መሰለኝ። ሃያ ስድስቱም ባንድ ጊዜ ቁጢጥ አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ብቻ እግሯ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ወንበሯ ላይ ቀረች። ጥርሱ ሲለቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ስድስት ጊዜ ሲሆን ግን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የቀረው ወኪሉ ብቻ ነበር፤ እሱም ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ማንም ማንንም አልደገፈም።

መርማሪዋ ጥቂት ጻፈችና፣ «መሥራቱን አይቻለሁ። ክርክሩ ግን መሥራቱ ላይ አይደለም፣ ቀኑ ላይ ነው» አለች። ያን ጊዜ ከፋይሉ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች። «ከውጭ በአደራ ደብዳቤ የመጣ ነው» አለች። ፓተንቱ ላይ ፈጣሪ ተብላ በስሟ የተመዘገበችው ሰው በቃለ መሐላ የሰጠችው ቃል ነው ብላ ማንበብ ጀመረች።

አንደኛውን መስመር ልድገምልሽ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ይህን ጉልበት አልፈጠርኩም፤ ከመመዝገቡ ስምንት ዓመት በፊት በአክስቴ ሱቅ፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው እያየ ሲሠራ አይቻለሁ።» የቀዳዳዋንም ነገር ጽፈሽዋል። መርማሪዋ የግንበኛውን ጉልበት አስጠግታ አየች፤ ሥዕሉን አየች፤ ወኪሉን፣ «ይህች ቀዳዳ ክብደት የምትቀንሰው በስንት ግራም ነው?» አለችው። እንዲያጣራ ጊዜ ጠየቀ።

ውሳኔው በሐምሌ ነው። እዚያ ምን አደረጉሽ? እሱን ጻፊልኝ። አሁን የምጠይቅሽ የአንቺን ወሬ ነው።

አክስትሽ


ግንቦት 19 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልዎት። ስለ ሃያ ስድስቱ የጻፉትን አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ቃሌን የጻፍኩት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። ኃላፊው ጠራኝና፣ «አክስትሽ ክስ አቅርባለች። ስትጠየቂ ሱቁ ዝግ ነበር፣ ሰው አይገባም ነበር ትያለሽ» አለኝ። እሺ ልል አፌን ስከፍት ያ በር ታየኝ። ስንት ሰው እንደሚገባበት፣ ስንቱን «ጫማህን ጥረግ» እያልኩ እንዳሳደድኩ ታየኝ። «ዝግ አልነበረም» አልኩት። «እንዴት?» አለ። «ቁልፍ የለውም» አልኩት። ከዚያ በኋላ የቀረው መጻፍ ብቻ ነበር።

ቃሌ እንደተነበበ ሰሙ። ጥበቃው ዕቃዬን በካርቶን አድርጎ እስከ ውጭ በር ሸኘኝ። ኃላፊው መስኮት ላይ ቆሞ ነበር። ሰርተፊኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼለታለሁ። እከሳለሁ ብለው ጽፈውልኛል። ይክሰሱኝ። ምስጢር አወጣሽ የሚሉኝ ከሆነ ምስጢሩ ምን እንደነበር ፍርድ ቤት ቆመው መናገር አለባቸው፤ ሲናገሩ መስማት እፈልጋለሁ።

አሁን አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበርና ክራንች እጠግናለሁ። እንደ ድሮው እጄ ግራሶ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃዴን ለስድስት ወር አራዝመውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። እንቅልፍ ግን አገኛለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 25 ቀን

ለቆቄ፤

ባለሽበት ጉልበትሽ ይጽና።

ተሰረዘ። «ከመመዝገቡ በፊት በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ አዲስ አይደለም» ይላል ውሳኔው። ማመልከቻ ጸሐፊው ጃንጥላው ሥር ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ለራሳቸው ጉዳይ የመጡ ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡ። ወኪሉ ይግባኝ እላለሁ ብሏል። ይበል። በሄደበት ሁሉ እንከተለዋለን፤ እግር አላጣንም።

ይህ ግን የዚህ አገር ውሳኔ ነው። እናንተ ጋ ያለው ምዝገባ እንዳለ ነው፤ ነገ ደግሞ ትንሽ ለውጠው እንደገና ሊመጡ ይችላሉ። መርማሪዋን ስሰናበት ምን ይሻላል አልኳት። «ከነልኩ፣ ከነአሠራሩ፣ ቀን ተጽፎበት ለሕዝብ ይውጣ። ለሕዝብ የወጣን ነገር አዲስ ነው ብሎ የሚያስመዘግብ የለም» አለችኝ።

እኔ ጉልበቱን እሠራለሁ እንጂ መሣል አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ገና መንገድ ላይ ነኝ፤ ስደርስ እነግርሻለሁ። ሥራ ግን ሰጥቼሻለሁ። እያንዳንዱን ብሎን፣ እያንዳንዱን ሞላ ሣዪልኝ፤ ብየዳ ብቻ የሚያውቅ ሰው አይቶ የሚሠራው ይሁን።

አክስትሽ


ጳጉሜን 2 ቀን

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዘጠኝ ሥዕሎች ልኬያለሁ። በየምሳ ሰዓቱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሠራኋቸው። አንዱን ቅጂ እዚህ ላሉ የእግር ሐኪሞች ሰጥቻለሁ፤ በመጽሔታቸው ሊያወጡት ነው። እዚህ ያለውንም ምዝገባ ለማሰረዝ ከነሱ ሁለቱ አብረውኝ ሊያመለክቱ ተስማምተዋል።

«ፈጣሪ» በሚለው ቦታ የጻፍኩት እርስዎን ነው። «ሠዓሊ» በሚለው ቦታ የእህቷ ልጅ ብያለሁ። የሥዕሉ የቅጂ መብት የሣለው ሰው ነው ይላል ሕጉ፤ ያም ማለት የእኔ ነው። ባለመብት ስሆን የመጀመሪያዬ ስለሆነ ወዲያው ተጠቀምኩበት። ከየሥዕሉ ግርጌ «ማንም ይቅዳው፣ ማንም ይሥራው፣ ማንም አይቆልፈው» ብዬ ጻፍኩ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 9 ቀን

ለቆቄ፤

እንደምን አለሽ። ዓመቱ የደግ ይሁንልሽ።

ሥዕሎቹ ደርሰዋል። ፖስተኛው እስክከፍተው አልሄድ ብሎ ቆመ። ሁሉንም ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ መስታወት አልብሼ ሰቅያቸዋለሁ። ያየ ሁሉ ቆሞ ያልፋል። ልብስ ሰፊዋ መስመሩ የአንቺ መሆኑን ከማዶ ሆና ነው ያወቀችው።

ትናንት አንድ በያጅ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ። እናቱ እግሯ ተቆርጧል፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ቅርጫት የምትሠራው። ሥዕሎቹ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ገብቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ «እመቤቴ፣ ይህን ብቀዳ ፈቃድ ያስፈልገኛል?» አለኝ። ማንበብ አይችልም። ግርጌ የጻፍሽውን አነበብኩለት። አላመነኝም፤ ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። ወንበር አወጣሁለት፣ እርሳስ ሰጠሁት፣ እስኪመሽ ቀዳ።

ስድስተኛው ሥዕል ላይ የሞላው ርዝመት በሦስት ሚሊ ሜትር ተሳስቷል። አረምኩት። የመኖሪያ ፈቃድሽ አለቀ አላለቀ አልጠይቅሽም፤ ግን እኔ ነኝ ትክክል ብለሽ በደብዳቤ እንዳትከራከሪኝ። መጥተሽ ራስሽ ለኪው።

አክስትሽ